ጽሑፉ ጠረጴዛውን ይይ

ሰፈሩ በሙሉ ሐኪሙ ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ደረት የሚመረምር ስለሚመስል ነው። ሁለተኛው፣ ፋሻ በመቀየር የታወቀ ስለሆነ ነው። በእርግጥ ይሄ ፋሻ ቁስል የሚጠመጠምበት አይደለም። በሞተር ሳይክል ሆድ ውስጥ ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚያቅፉ ቀጫጭን የብረት ክቦች አሉ፤ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት እነሱን ነው። ሥራቸው የዘበኛ ሥራ ነው፤ የላዩ እሳት ወደ ታች፣ የታቹ ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። ያለቁ ቀን ዘይቱ ከእሳቱ ይገናኝና ሞተሩ በኋላው ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ መንገደኛውን ሁሉ ያስነጥሳል።

ጉዱ ግን ሐኪሙ ያዳናቸው ሞተሮችም ማጨሳቸው ነው። ከጋራዡ ሲወጡ ትንሽ ትንሽ ያጨሳሉ፤ ሐኪሙ “አዲስ ፋሻ ሙሽራ ነው፣ እስኪላመድ ነው” ይላል። ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ብሶባቸው ሲመለሱ ደግሞ ሁለተኛው መልስ ዝግጁ ነው። “ዘይቱ ነው!”

ዘይቱን የሚሸጠው ባዳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለት ስድብ ባለቀ ነበር። የሚሸጠው ግን የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከጋራዡ ሦስት በር አልፎ ዘይት ከበርሜል እየቀዳ በሊትር የሚቸረችር፣ ባለዘይቱ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ሰሞን ሁለቱ ካልተያዩ ምሳ አይወርድላቸውም ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሐኪሙ በደንበኛ ፊት፣ “ይሄ ሰውዬ በርሜሉ ውስጥ ምን እንደሚጨምር እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ” አለ። ባለዘይቱ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእህቱ ቤት የፊት በር ገብቶ አያውቅም፤ ሐኪሙ በሌለበት ሰዓት በጓሮ ገብቶ በጓሮ ይወጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉም ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር ከርሞ ዘንድሮ ባለዘይቱ ደንበኛ አጥቶ ሲያዛጋ መዋል ጀመረ።

በመካከል የተቀረቀረችው ለአንዱ ሚስት፣ ለሌላው እህት የሆነችው የቤቱ እናት ናት። ወንድሟ ሱቁን ሊለቅ ነው ሲባል ሰኞ ዕለት ትዕግሥቷ አለቀ። ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ወይ አረጋግጥ ወይ አፍህን ሰብስብ!” አለችው ባሏን። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ሐኪሙ ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ መጮህ ይወዳል። “አረጋግጣለሁ! በአደባባይ አረጋግጣለሁ!” አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ተደገሰ። ነገሩን የሚዳኙት ጡረታ የወጡት የሰፈሩ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው፤ የሚፈተነውም ሞተር የእሳቸው ነው። ከሰባት ወር በፊት ፋሻው እዚሁ ጋራዥ ተቀይሮ፣ ዘይቱ ከባለዘይቱ በርሜል ተቀድቶ፣ ይኸው አሁንም ያጨሳል። ሕጉን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። አዲስ ፋሻ ይገባል። ዘይት ግን ከባለዘይቱ አይቀዳም፤ ዳኛው ራሳቸው ሌላ ከተማ ሄደው የገዙት፣ ክዳኑ ያልተነካ ቆርቆሮ አለ። ሞተሩ ሲገጠም አርባ አምስት ደቂቃ ይነዱታል፤ ሲመለሱ ነጭ መሐረብ የጭስ መውጫው አፍ ላይ ይያዝና ሞተሩ ይጮሃል። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ከቀረ፣ እስከ ዛሬ ያስጨሰው የባለዘይቱ ዘይት ነው። በዘይት ከጠቆረ፣ ጥፋቱ የሐኪሙ እጅ ነው።

መዘዙን ግን ባላንጣዎቹ ራሳቸው ጨመሩበት። “ዘይቴ ከሆነ የሱቄን ቁልፍ አስረክባለሁ፤ ደጄ ላይ ቆሜም ለሰው ሁሉ በአፌ እናገራለሁ” አለ ባለዘይቱ ቀስ ብሎ። ሐኪሙ ደግሞ መካኒክነት ያስተማሩት ሽማግሌ የሰጡትን አሥር ቁጥር መፍቻ ከኪሱ አወጣና፣ “እጄ ከሆነ ይቺን መፍቻ አስረክቤ እቤቴ እቀመጣለሁ” አለ። እናትየዋ ሁለቱንም አየቻቸውና፣ “ያስታርቀናል ያልኩት ነገር አንዱን ሊቀብርልኝ ነው” ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ይሄን ሁሉ የሐኪሙ ልጅ ቆማ ሰማች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አምና የአባቷን የቀኝ አውራ ጣት የሞተር ማቆሚያ ከጨፈለቀው ወዲህ ረቂቁን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት፤ አባቷም በስሟ መጥራቱን ትቶ “ቀኝ እጄ” ይላታል። ስለዚህ ዛሬ የሐኪሙ እጅ ተብሎ የሚፈተነው የእሷ እጅ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዳኛው ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔ ይዘው መጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሞተሩንና የሥራ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን የሚያስቀር ነጭ መስመር አሰመሩ።

“ከዚህ መስመር ወዲያ ከልጅቷ በቀር ማንም አይገባም” አሉ። “ምክር የለም። ጥቅሻ የለም። ያፏጨሁበት ሰው ሁለተኛ ካጠፋ ውጭ ይወጣል።” ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ ጡረታ ሲወጡ ሁሉን አስረክበው እሱን ግን እምቢ ብለዋል ይባላል።

ልጅቷ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰች፤ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን የያዙትን ቡሎኖች መፍታት ጀመረች።

“ቀኝ እጄ፣ በሰያፍ በሰያፍ አላላው እንጂ…” አለ አባቷ።

ፊሽካው ጮኸ። “አንድ!” አሉ ዳኛው። ሐኪሙ እንደ ተማሪ እጁን ከኋላው አጣመረ። በሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ ትስቅ ነበር።

ቴስታታው ተነሳ፤ ቀጥሎ ሲሊንደሩ ወደ ላይ ተሳቦ ወጣ። ፒስተኑ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከሥሩ የተከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ምንም እንዳይወድቅ ንጹሕ ጨርቅ ወተፈችበት። አሮጌዎቹን ፋሻዎች አንድ በአንድ ከጎድጓዳቸው ፈልቅቃ በቤንዚን አጠበችና ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው። ፋሻ ማለቁ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ክቡ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲያስገቡት ሁለቱ ጫፎች ሊሳሳሙ ደርሰው ጥቂት ይራራቃሉ። ፋሻው ባለቀ ቁጥር ያ ክፍተት ይሰፋል። የላይኛውን አስገብታ ወደ ብርሃን አየችው፤ ቀጭኗን የመለኪያ ቅጠል በክፍተቱ ሰደደች። ጥብቅ ነው። ሁለተኛውንም ለካች። እሱም ጥብቅ ነው።

ግራ ገባት። ሲሊንደሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጭረት የለውም፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። መጥፎ ዘይት ብረት ይበላል፤ ይሄ ዘይት ግን በሰባት ወር ውስጥ ምንም አልበላም። ፋሻው አላለቀም፣ ሲሊንደሩ አልተጎዳም፣ ሞተሩ ግን ያጨሳል። ቀና ስትል አጎቷ ከመስመሩ ማዶ የሱቁን ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ እያያት ነው።

“አምስት ደቂቃ ቆመሽ ቀረሽ” አሉ ዳኛው።

አዲሱን ፓኮ አነሳች። በዚህ ጋራዥ ፓኮ የመክፈት ሥራ የሐኪሙ ነበር፤ እሱም በጥርሱ ይቀድና ፋሻዎቹን ለእሷ አቀብሎ ውስጡ ያለውን ወረቀት እጁን ይጠርግበታል። እንደ ልማድ ሆኖ ወረቀቱን ገልጦ ያየው የለም። ዛሬ አባቷ ከመስመሩ ማዶ ስለሆነ በመቀስ ከፈተችው፤ ወረቀቱ ተዘረጋና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሥዕል ነበረው። አንድ ፒስተን በቁሙ ተስሏል፤ ከጎኑ ፋሻ፣ ፋሻው ላይ ትንሽ ፊደል፣ ከፊደሏ የተነሳ ቀስት። ቀስቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፒስተኑ አናት ነው የሚያመለክተው። ከሥሩም በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፤ አንዱን ታነበዋለች። “ምልክቱ ያለበት ገጽ ወደ ፒስተኑ አናት ይሁን” ይላል።

ደግማ አነበበችው።

አባቷ እጇን ይዞ ያስተማራት የመጀመሪያ ትምህርት፣ ጋራዡ ውስጥ እንደ ጸሎት የሚደገመው ቃል፣ “ጽሑፉ ጠረጴዛውን ይይ” የሚል ነው። ጽሑፉ ወደ ታች ማለት ነው። እሱም ከአስተማሪው የተቀበለው እንዲሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ጋራዥ የገባ ፋሻ ሁሉ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጎ ገብቷል።

ምናልባት ሥዕሉ ቢሳሳትስ? ሁለተኛውን ፋሻ አንስታ ጠርዙን በጥፍሯ ሞከረችው። አንደኛው ጠርዝ ለስለስ ብሎ ያመልጣል፤ ሌላኛው እንደ ቢላ ይይዛል። ጽሑፉ ወደ ላይ ሲሆን ስለታሙ ጠርዝ ከታች ይሆናል፤ ፒስተኑ ሲወርድ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይቱን ጠርጎ ወደ ታች ይመልሳል። ሲገለበጥ ግን ያው ቢላ ዘይቱን እየፋቀ ወደ ላይ፣ ወደ እሳቱ ያወጣል። ሥዕሉ አልተሳሳተም። እነዚያ ሞተሮች በሙሉ የገዛ ዘይታቸውን በማንኪያ ሲጎርሱ ነው የኖሩት።

እንግዲያስ አስተማሪው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያስተምራሉ? ዓይኗ ሳታዝዘው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ሄደ። ከተወለደች ጀምሮ እዚያው የተሰቀለ፣ ዘይት ያጠየመው ፎቶ ነው። ሽማግሌው መካኒክ ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል፤ ከጎናቸው አባቷ፣ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ። ሺህ ጊዜ አይታዋለች። ዛሬ ግን የሽማግሌውን እጅ አየች። ሲሊንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘቅዝቀው አቁመውታል፤ ከአጠገቡም ፒስተኑ በአናቱ ተተክሏል፣ እግሩ ወደ ላይ። ሽማግሌው ፒስተኑን የሚያለብሱት ዘቅዝቀው ነበር! በአናቱ የቆመ ፒስተን ላይ ጠረጴዛውን የሚያይ ጽሑፍ የፒስተኑን አናት የሚያይ ነው። ቃሉ ትክክል ነበር። አባቷ የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ግን ጠረጴዛ መግዣ አልነበረውም፤ ፒስተኑን ሞተር ሳይክሉ ላይ እንደቆመ ማልበስ ጀመረ፤ በኋላ ጠረጴዛ ሲገዛም ልማዱን አልተወም። ፒስተኑ ተገለበጠ፣ ቃሉ እንዳለ ቀረ።

አዘነችለት። ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ወዲያው የነገሩ ሌላ ፊት ታያት። አባቷ እንዳስተማራት ጽሑፉን ወደ ታች ብታደርግ ሞተሩ ያጨሳል፤ መሐረቡ ይጠቁራል፤ አባቷ መፍቻውን አስረክቦ እቤት ይውላል። ወደ ላይ ብታደርገው ሞተሩ አያጨስም፤ በዛሬው ሕግ ደግሞ ካላጨሰ ጥፋተኛው ዘይቱ ነው። አጎቷ ባልሠራው ወንጀል ቁልፉን ያስረክባል። ሥራውን ብታበላሽ እውነቱ ይወጣል፤ ሥራውን ብታሳምር ውሸቱ ይጸድቃል። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጡ ዳኛ ዕድሜ ልካቸውን ከተመልካች ሲሰደቡ የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ያኔውኑ ብትናገርስ? አፏን ከፈተች እንኳ። አባቷ ከመስመሩ ማዶ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል፤ ለእናቷ በጥቅሻ “እያት፣ እያት” ይላል። የተናገረውን ሁሉ ረስቶ በእሷ እጅ እየተኩራራ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሁለተኛውን ፋሻ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጋ ወደ ፒስተኑ አስጠጋችው። ጣቷ እምቢ አለ። ሳያውቁ ማጥፋት ሌላ፣ እያወቁ ማጥፋት ሌላ፤ ምንም ብታደርግ ያወቀች እጅ አልታዘዝ አለቻት። ገለበጠችው። ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ጎድጓዳው ውስጥ ቸክ ብሎ ገባ። የላይኛውንም እንዲሁ አደረገች። እሳት መሹለኪያ ቀዳዳ እንዳያገኝ የተቆረጡበትን ጫፎች በየፊናቸው አዙራ፣ ዘይት ቀባች፣ የወተፈችውን ጨርቅ አውጥታ፣ ሲሊንደሩን ፋሻዎቹን በጣቷ እየጨበጠች ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ቴስታታውንም መልሳ አሰረች። በአርባ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ አስብበታለሁ አለች ለራሷ። ፈሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ዳኛው ቆርቆሮውን ከፍተው በእጃቸው ዘይት ሞሉ። ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ፤ ስትገጥም የቀባችው ዘይት ሲቃጠል ትንሽ አጨሰና ጠራ። ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው፣ ፊሽካ ነፍተው፣ በገዛ ሞተራቸው ወደ ዳገቱ ወጡ።

መጠበቁ ከሥራው ባሰ። እናትየዋ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሐኪሙ ወደ መስመሩ ጠርዝ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ቀኝ እጄ፣ ጽሑፉ ጠረጴዛውን አየ አይደል?”

“በሥነ ሥርዓት ነው የገባው፣ አባዬ።”

“እኔኮ አውቃለሁ” አለ፤ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

አጎቷም ወደ መስመሩ ተጠጋ። ልጅ ሳለች ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጧት ስንት ሊትር እንደተሸጠ ያስቆጥራት ነበር፤ ስትሳሳት ዝም ብሎ ይስቃል። አሁን ቁልፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ “ስትሠሪ አየሁሽ፤ ጎበዝ ሆነሻል” አላት። ከዚያ ጨመረበት። “ዛሬ የመጣው ቢመጣ አንቺ አልበደልሽኝም። ሥራሽን ነው የሠራሽው። እንዳታስቢበት።”

ምን ልበልህ አጎቴ? አለች በልቧ። ባይናገር ይሻላት ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አይንቀሳቀስም፤ እሷ ግን እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

ሞተሩ ከሩቅ ተሰማ። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ በባዶ ጆሮው አዳመጠና ፊቱ በራ። ዳኛው ገብተው ሳይወርዱ መሐረባቸውን ለእናትየዋ ሰጧት፤ “ከሁሉም ወገን አንቺ ነሽ” አሉ። እናትየዋ ጎንበስ ብላ መሐረቡን የጭስ መውጫው አፍ ላይ ያዘች። ዳኛው ሞተሩን አስጮሁት፤ ለቀቁት፤ ደግመው አስጮሁት። ጋራዡ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛ ጊዜ አስጮሁና አጠፉት።

እናትየዋ መሐረቡን ዘረጋችው። እርጥበት እንጂ ሌላ አልነካውም፤ እንደ ነጭነቱ ነው።

“አላልኩም!” አለ ሐኪሙ። “ዘጠኝ ዓመት አላልኩም! ዘይቱ ነው አላልኩም!” በጤነኛ እጁ ጭኑን መታ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት እሱንም ውስጥ ውስጡን ሲበላው የኖረ ጥርጣሬም ነው የወጣለት።

ባለዘይቱ አልተከራከረም። መሐረቡን አንድ ጊዜ አየ፤ እህቱን አየ። “እኔ ዘይቴ ውስጥ ምንም ጨምሬ አላውቅም” አለ በቀስታ። “ግን ቃል ቃል ነው።” ዳኛውን በዓይኑ አስፈቅዶ መስመሩን ተሻገረና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተጣሉት ፋሻዎች አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ ዞሮ ወጣ። የሚሄደው በሩ ላይ ቆሞ ሌባ ነኝ ሊል ነው። እናትየዋ መሐረቡን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

“አጎቴ፣ ቁም!”

ልጅቷ ራሷ በድምጿ ደነገጠች። ሰውየው ደፉ ላይ ቆመ።

“ፋሻውን ገልብጬ ነው ያስገባሁት” አለች። “ጽሑፉን ወደ ላይ። አባዬ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ አላደረግኩትም። እንዳስተማርከኝ ባደርገው ኖሮ መሐረቡ ይጠቁር ነበር።”

“ምን አልሽ?” አለ ሐኪሙ።

“ዘይቱ ምንም አልነበረበትም። እኛ ነን። ፋሻውን ስንገለብጥ የኖርነው እኛ ነን።”

“ውሸት!” መስመሩን ረግጦ ገባ፤ ፊሽካ ግን አልተነፋም። “ለእናትሽ ወገን ልታደዪ ነው? ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን አንቺ በአንድ ጠዋት… አስተማሪዬ ተሳሳቱ ልትይ ነው?”

“አስተማሪህ አልተሳሳቱም።” እንባዋ መጣ፤ ግን አላቆመችም። ፎቶውን ከምስማሩ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከመደርደሪያው አንድ የተጣለ ፒስተን አንስታ፣ ከአሮጌዎቹ ፋሻዎች አንዱን በእጁ ሰጠችው። “ራስህ አልብሰው። እሳቸው እንዳቆሙት አቁመህ።”

ሐኪሙ ፎቶውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ፒስተኑን ቀስ ብሎ በአናቱ ጠረጴዛው ላይ ተከለና ፋሻውን በጤነኛ እጁ አለበሰው፤ ጽሑፉ ጠረጴዛውን እያየ። ከዚያ ፒስተኑን አንስቶ ወደ ትክክለኛው መልኩ አዞረው። ትንሿ ፊደል ወደ ላይ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጋ አየችው።

“ጠረጴዛው…” አለ። “እኔ እኮ ጠረጴዛ አልነበረኝም።”

አጠገቡ ባገኘው ጎማ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ አረጀ። ዳኛው ፊሽካቸውን ከደረታቸው ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ ሸሸጉት። እናትየዋ ልትጠጋው ብላ ተወችው።

“ስንት ሞተር ይሆን?” አለ በመጨረሻ። መልስ የሚፈልግ አይመስልም ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አነሳ፣ ማንንም ሳያይ ተነስቶ ወጣ። ባለዘይቱን ደፉ ላይ አልፎት ሄደ። ሁሉም ተከተሉት።

ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ሰው ሞልቶታል፤ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ነው፣ ጎማ ጠጋኙ ከነደንበኞቹ ነው። ሐኪሙ ሱቁን በባለዘይቱ ቁልፍ ከፍቶ ደጁ ላይ ቆመና ሰው በሚያውቀው ድምፁ ጮኸ። “ስሙኝ! የዚህ ሰው ዘይት ንጹሕ ነው! ሞተራችሁን ያስጨስኩት እኔ ነኝ። ፋሻ ገልብጬ ሳለብስ የኖርኩት እኔ፣ ስሙን ያጠፋሁትም እኔ። ያጨሰበት ሁሉ ያምጣ፣ በነጻ አስተካክላለሁ…” አለና ድምፁ ተቆረጠ። መሐላው ትዝ ብሎት ነው። ከኪሱ አሥር ቁጥሩን መፍቻ አወጣ፤ በሁለት እጁ ይዞ ለባለዘይቱ ዘረጋለት። “አስተካክላለሁ ማለቴ ስህተት ነው። ልጄ ታስተካክላለች። እኔ በቃኝ። ቃል ቃል ነው ብለሃል።”

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። የፈራችው ይሄን ነበር፤ ይኸው ደረሰ።

ባለዘይቱ መፍቻውን ተቀበለ። እጁ ላይ አገላብጦ አየው። ዘጠኝ ዓመት የታመቀ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ መንገደኛው ሁሉ ቀረብ አለ።

“እኔ ይሄን ምን ላርግበት?” አለ። “ዘይት በመፍቻ አይቀዳ።” ከዚያ የሱቁን በር በእግሩ ገፋ አደረገው፤ በሩ ሲጢጥ ብሎ አጋደለ። “ይልቅስ ይሄ ማጠፊያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ከላላ። ሌላ ሰው እንዲያጠብቀው አልፈለግኩም። አጥብቅልኝ።”

መፍቻውን መለሰለት።

ሐኪሙ ተንበረከከ። የተጎዳው አውራ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት መፍቻው ሁለት ጊዜ ከቡሎኑ አመለጠው። ልጅቷ ልትረዳው ስትጠጋ እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ባለዘይቱ ነው ጎንበስ ብሎ በሩን በትከሻው ደግፎ የያዘለት፤ ፊታቸው ሊነካካ ደርሷል።

“እርግጠኛ ነህ ወደዚህ ነው የሚዞረው?” አለው። “ፎቶ ይምጣልህ እንዴ?”

ሐኪሙ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባለዘይቱ በሩን አልለቀቀም፣ ወደ ሌላም አላየም። ቡሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ሁለቱም እዚያው ቆዩ።

እናትየዋ በነጩ መሐረብ ፊቷን ጠረገች። “ዳኛ፣ አጥቤ እመልስልዎታለሁ” አለቻቸው። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች።

“ምሳ ደርሷል። ስትጨርሱ በፊት ለፊቱ በር ግቡ፣ ሁለታችሁም። የጓሮውን ቆልፌዋለሁ።”